ሃያዎቹ የመናገሪያ ቃላት

ባለፈው ሰሞን መደርደሪያ ላሠራ መሃል ከተማ ካሉት ፈርኒቸር ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ባለሙያው ገና የተቀባ በር ግድግዳው ላይ አስደግፏል። የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አንገቴን ማከክ ጀመርኩ። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረሽ!" ብሎ ሳቀ። አለርጂ ይመስለዋል። ይምሰለው። እኔ አለርጂ የለብኝም፤ ያለብኝ አምስተኛ ክፍል ነው።

አምስተኛ ክፍል ስገባ እማዬ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥታ፣ ዩኒፎርሙ ክራቫት ያለው የግል ትምህርት ቤት አስገባችኝ። እማዬ ባህል አዳራሽ አካባቢ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ውስጥ የምናወራው ሲዳምኛ፣ ሰፈር ውስጥ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ቋንቋ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ደንበኛዋ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ስልክ ተደወለላትና እንግሊዝኛውን አንበለበለችው። እማዬ አፏ ውስጥ መርፌ እንደያዘች ፈዝዛ ቀረች። ማታ ለአባዬ፣ "ልጄ እንደዚህች ሴትዮ ካላወራች ምኑን ወለድኩት!" አለችው። እማዬ አንድ ነገር ካለች፣ አለች ነው።

የአዲሱ ትምህርት ቤት ሕግ አጭር ነው። የግቢው በር ከተዘጋ በኋላ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ክልክል። ይህን ሕግ የምታስከብረው እንጨቷ ናት። የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ቫርኒሽ የተቀባች፣ በሲባጎ አንገት ላይ የምትንጠለጠል እንጨት። "ዛሬ እንግሊዝኛ አልተናገርኩም" የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎባታል። ጠዋት መጀመሪያ የተሳሳተው ልጅ አንገት ላይ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ የእሱ ሥራ ሌላ የሚሳሳት ማደን ነው። አንድ ቃል እስኪያመልጥሽ ከኋላ ከኋላሽ ይሄዳል፤ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ሲይዝሽ ከራሱ አውልቆ አንቺ ላይ ያጠልቃታል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ደወል ሲደወል እንጨቷ የተገኘችበት ልጅ ስሙ ይመዘገባል። በማግሥቱ ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ሥር ቆሞ፣ ለማን ምን ብሎ ሲናገር እንደተያዘ በእንግሊዝኛ ይናገራል። በአንድ መንፈቀ ዓመት ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ ወላጅ ይጠራል።

ወላጅ ይጠራል ሲሉኝ ምን እንደታየኝ ልንገራችሁ? እማዬ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ በበሩ ትገባለች። እንግሊዝኛ አታውቅምና በአማርኛ "እንደምን አደራችሁ" ትላለች። ይሄኔ እንጨቷን ከእኔ አንገት አውልቀው እሷ አንገት ላይ ያጠልቋታል። ተማሪው ሁሉ እያያት ባንዲራው ሥር ያቆሟታል። እንዲህ ይደረጋል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ራሴው ነኝ ያሰብኩት። አንዴ ካሰብኩት በኋላ ግን ያየሁት ያህል ሆነብኝ። ቁርስ ስበላ ትዝ ይለኛል፤ እማዬ ክራቫቴን ስታስርልኝ ትዝ ይለኛል። ምስኪን፣ ደስ ብሏት ነው የምታስርልኝ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ምትኩ ይባላሉ። አይማቱም፣ አይጮኹም። እንደዚያ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ የፈራሁትም ሰው የለም። ጥቅምት ላይ የክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን ለጠፉ። በቀይ ማርከር ሃያ ቃላት ተጽፈውበታል፦ ኤክስፕሬስ፣ ሜንሽን፣ ዲክሌር፣ ዊስፐር፣ ኮምፕሌይን፣ አድሚት፣ ኮንፌስ፣ ሌሎቹም። ሐሳብና ስሜት ከሰው አፍ የሚወጣባቸው ቃላት ናቸው አሉን፣ በእንግሊዝኛቸው፣ ቀስ ብለው። ሰው ሲያማርር አንድ ቃል፣ ሲያንሾካሹክ ሌላ ቃል፣ ጥፋቱን ሲያምን ሌላ ቃል አለው። ሰልፍ ላይ የሚቆም ልጅ ከሃያዎቹ አንዱን መርጦ ካልተጠቀመ እንደገና እንዲጀምር ይደረጋል።

ሃያዎቹንም ሸመደድኩ። በዚያ አልታማም። ግን የገባኝ ነገር ሌላ ነበር። ከሃያዎቹ ውጭ የሆነ ስሜት እዚህ ግቢ ውስጥ አይፈቀድም ማለት መሰለኝ። ሆዴን ሲቆርጠኝ ቀና ብዬ ግድግዳውን አያለሁ። ቁርጠት የለም። እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ተኩል ይቆይ እላለሁ። አንድ ቀን ሽንቴ መጥቶ የሚጠየቅበት ቃል ጠፍቶኝ እንዴት እንደዋልኩ አልነግራችሁም።

መፍትሔዬ ዝምታ ነበር። አባዬ "ዝም አይነቅዝም" ይላል፤ እኔም ዝም አልኩ። ግን ዝም ማለት በአፍ ብቻ አይደለም ለካ። በመጀመሪያው ወር ጣቴን በር ቆነጠጠኝና "ወይኔ!" ብዬ ተያዝኩ። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ሲያማቸው "አውች" ነው የሚሉት፤ ሕመማቸው ሳይቀር ተምሯል። ለሁለተኛ ጊዜ ያስያዘኝ ናትናኤል የሚባል የክፍላችን ልጅ ነው። እንጨቷን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ አጠገቤ መጣና አስነጠሰ። "ይማርህ" አልኩት። አውቆ ነው ያስነጠሰው፣ እርጉም! ሰው መረቅሁ ብዬ በማግሥቱ ባንዲራ ሥር ቆምኩ።

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል አንድ ሰው ነበረችኝ። ብዙነሽ። እናቷ እትዬ አበራሽ የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሠራተኛ ስለሆኑ ብዙነሽ በነፃ ነበር የምትማረው። እንግሊዝኛዋ ከእኔም ይብሳል፤ ክፍል ውስጥ ጭራሽ አፏን አትከፍትም። ሲዳምኛ ስታወራ ግን ሌላ ሰው ናት። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ በውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶና በአጥሩ መካከል፣ ሁለት ልጅ የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። እዚያ ተጠጋግተን በዕረፍት ሰዓት ታወራልኛለች። ሐይቁ ውስጥ ባጃጅ የዋጠ ዓሣ አለ ትላለች፤ ሲያዛጋ ጥሩንባው ይሰማል። አጥሩ ላይ የሚቆሙትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ደግሞ የድሮ ዳይሬክተሮች ናቸው ትለኛለች፤ መላጣቸውን እያየሁ አምናታለሁ። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ነው የምስቀው። እየሳቅኩም ጆሮዬ የሰው ኮቴ ያዳምጣል።

ብዙነሽም እንደኔ ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች። የእሷ ሦስተኛ ግን ከእኔ ይከፋል። ዳይሬክተሩ እትዬ አበራሽን ጠርተው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመዘገበች ነፃ ትምህርቷ ለሌላ ልጅ ይሰጣል ብለዋቸዋል። ይህን የነገረችኝ ብዙነሽ ራሷ ናት። "እማዬ አለቀሰች" አለችኝ፣ "ግን ለማንም አትናገሪ።" አልናገርም አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሮቶው ጋ ስትመጣ ግራ ቀኙን ሁለት ጊዜ ታያለች።

ታኅሣሥ ላይ፣ ፈተና ሊደርስ ሲል ነው። ከምሳ በኋላ ያለው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር፤ አስተማሪው ስለቀሩ ሜዳ ላይ ለቀቁን። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ የትልቅ ሰው ድምፅ ከኋላዬ "አስቴር!" ብሎ ጠራኝ።

"አቤት!" አልኩ።

ዞር ስል ናትናኤል ነው። ድምፁን አወፍሮ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ልጆቹ ተንጫጩ። ሲባጎዋን በጭንቅላቴ አሳልፎ ሲያጠልቅልኝ ቫርኒሹ ሸተተኝ። ሠላሳ ደቂቃ ነው የቀረኝ። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ሰው ካልያዝኩ ስሜ ለሦስተኛ ጊዜ ይመዘገባል፤ ነገ እማዬ የእሑድ ቀሚሷን ትለብሳለች።

እንደ ውሻ ግቢውን ዞርኩት። እንጨቷን ያየ ሁሉ አፉን ይዘጋል። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ሳይቀሩ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዩኛል። አንዷን ትንሽ ልጅ ሆን ብዬ ገፋኋት፤ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፣ "አውች" አለች። እሷን ገፍቼ እንዳልተሳካልኝ ሳይ ማልቀስ አማረኝ። አለቀስኩም፣ ግን ያለ ድምፅ። ወደ ሮቶው ጀርባ ሄድኩና እንጨቷን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ከሩቅ የክፍሎቹ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። ደወል መቺው መዶሻውን ሲያነሳ ይታየኛል።

ያኔ ብዙነሽ እየሮጠች መጣች። ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው፣ ጫማዋ የት እንደወደቀ እንጃ። ግራ ቀኙን አላየችም። "አስቴር! እማዬ ወደቀች! ሽንት ቤት ውስጥ ወደቀች፣ ስጠራት አትመልስም፣ ነይ!" አለችኝ። በሲዳምኛ ነው። በምን ትበል ታዲያ?

ሰምቻታለሁ። ያልሰማሁ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ፤ እትዬ አበራሽ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተው ሁሉ ታይተውኛል። እጄ ግን ሸሚዜ ውስጥ ገባ። ሲባጎዋን ከአንገቴ አወጣሁና ብዙነሽ አንገት ላይ አጠለቅኋት።

እንጨቷን ቁልቁል አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። እንዳልገባት ሰው ነው ያየችኝ፤ ቋንቋዬ የጠፋባት ይመስል። ዞራ ወደ አስተማሪዎች ክፍል ሮጠች፤ እንጨቷ ደረቷ ላይ ትዘላለች።

እኔም ተከተልኳት። ለመርዳት አይደለም፤ ስሜን ትጠራለች ብዬ ፈርቼ ነው። ግድግዳው ጥግ ላይ ተለጥፌ አያለሁ። ቲቸር ምትኩ በሩ ላይ ቆመው ደብተር ያርማሉ። ብዙነሽ በሲዳምኛ ጀመረች። ቲቸር ሲዳምኛ አይሰሙም፤ መጀመሪያ ያዩት እንጨቷን ነው። ጣታቸውን ብድግ አደረጉና በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ "ኖ፣ ኖ። ኢን ኢንግሊሽ። ኤክስፕሬስ ዩርሰልፍ" አሏት።

"ማይ ማዘር" አለች ብዙነሽ።

"የስ? ዩር ማዘር?"

"ማይ ማዘር… ማይ ማዘር…"

ቲቸር ፈገግ ብለው ጠበቋት። ክፉ አልነበሩም፤ ልጅቷ በመጨረሻ አፏን ልትፈታ ነው ብለው ይመስለኛል ደስ ብሏቸው ነው የጠበቋት። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ሃያዎቹን ቃላት በልቤ ወረድኳቸው። ዲክሌር፣ ሜንሽን፣ ዊስፐር። አንዳቸውም ወደቀች አይሉም። ከዚያ ብዙነሽ ጮኸች። አማርኛም እንግሊዝኛም ሲዳምኛም ያልሆነ ጩኸት። በር ላይ የነበሩት ዘበኛ፣ ጋሽ ዳንኤል፣ ዱላቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሏት በሲዳምኛ። ነገረቻቸው። እሳቸው ይዘዋት ወደ ሽንት ቤቱ ሮጡ፤ ቲቸር ምትኩም ደብተሩን በትነው ተከተሉ።

እትዬ አበራሽን በነጠላ ይዘው አውጥተው ባጃጅ ውስጥ አስገቧቸው። ስኳር ነው፣ ወርዶባቸው ነው ሲባል ሰማሁ። ብዙነሽ የእናቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ባጃጁ ሲወጣ ደወሉ ተደወለ። እንጨቷ አንገቷ ላይ ነበረች።

ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አይታ "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ራሴን አሞኛል" አልኳት። ማሽኗን አቁማ እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጭና ጸለየችልኝ። እኔ ደግሞ ከጸሎቱ ፈራሁ። ጌታ ያደረግሁትን አሁኑኑ ለእማዬ በጆሮዋ ይነግራታል ብዬ ዓይኔን ሳልጨፍን ፊቷን ስጠብቅ ነበር። ምንም አልነገራት። ዳማ ከሴ አሽታ አሸተተችኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እትዬ አበራሽ ሞተውስ ቢሆን? ይህንን ማንን ልጠይቅ? የሞቱ እንደሆነ ገዳያቸው እኔ ነኝ። እራቴን አልበላሁም።

በማግሥቱ ሰልፍ ላይ ስንደርስ ብዙነሽ ባንዲራው ሥር ቆማለች። ዩኒፎርሟ አልተተኮሰም። እናቷ ሐኪም ቤት ናቸው፣ ነቅተዋል፣ እሷ እንጨቷን ልትመልስ ነው የመጣችው ተባለ። እትዬ አበራሽ መትረፋቸውን ስሰማ እፎይ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የሰልፉ ሕግ ይታወቃል፤ ለማን ምን እንዳለች ትናገራለች። "እናቴ ወደቀች አልኳት" ካለች፣ ያኔ ሁሉም "ለማን?" ይላል። ኮምፕሌይን የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ አምስተኛ ነው፤ ታውቀዋለች፣ አብረን ነው የሸመደድነው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ክራቫቴ እያነቀኝ ቆሜያለሁ።

ቲቸር ምትኩ ያን ቀን ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ይቅር ሊሏት የፈለጉ ይመስላሉ፣ ግን ዳይሬክተሩ አጠገባቸው ቆመዋል። "ቴል አስ፣ ብዙነሽ። ዋት ዲድ ዩ ሴይ?" አሏት።

ብዙነሽ ሰልፉን ዓይኗን አዞረችበት። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ብዙነሽ ዓይኗን አነሳችና በዓመቱ ውስጥ ተናግራ የማታውቀውን ረጅም እንግሊዝኛ ተናገረች።

"አይ አድሚት። አይ ሴድ ቱ ማይ ፍሬንድ፣ ከም፣ ሌት አስ ፕሌይ።"

ነይ እንጫወት አልኳት፣ አለች። ቲቸር ምትኩ አጨበጨቡላት፤ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነበርና። ተማሪውም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ዳይሬክተሩ መዝገቡን ከፍተው ስሟን ለሦስተኛ ጊዜ ጻፉ፤ ብዙነሽ እንጨቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አንስታ በበሩ ወጣች። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። በየትኛውም ቋንቋ። ሃያ ቃል አውቃለሁ እኮ! ለምን እንዲህ እንዳለችልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወዳኝ ይሁን፣ ወይም ያደረግሁትን ጮክ ብሎ መናገር እሷንም አስፈርቷት ይሁን።

ከዚያ በኋላ ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠ። ብዙነሽ ሰፈሯ ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች ተባለ። ሮቶው ጋ ብቻዬን አልሄድም፤ በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ቁጭ እላለሁ። ናትናኤል ሲያስነጥስ እንኳ አልሰማም። ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ አልተያዝኩም፤ እማዬ አልተጠራችም። በመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ላይ በእንግሊዝኛም በጠባይም "በጣም ጥሩ" የሚል ካርድ ወሰድኩላት፤ ግድግዳችን ላይ ለጠፈችው።

እትዬ አበራሽ የተመለሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሰማያዊ ጋውናቸው ሰፍቷቸዋል። ባልዲያቸውን ይዘው ኮሪደሩን ሲወለውሉ ከሩቅ አየኋቸውና መንገድ ቀየርኩ። በማግሥቱም ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ከክፍል ስወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ። መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በረኪና በረኪና በሚሸት እጃቸው ሁለቱን ጉንጮቼን ያዙኝ።

"ብዙነሽ ሁሉን ነግራኛለች" አሉኝ በሲዳምኛ።

ያዙኝ አልኩ በልቤ። አሁን ይጮሃሉ፣ ቲቸር ይመጣሉ፣ እማዬ ትጠራለች።

"ሮጠሽ ሰው የጠራሽልኝ አንቺ ነሽ አሉ። አስቴር ባትኖር ኖሮ አልደርስልሽም ነበር አለችኝ። ጌታ ይባርክሽ የኔ ልጅ፣ እደጊልኝ።" ዓይናቸው እንባ ሞላ። ግንባሬን ሳሙኝ።

እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። በሲዳምኛ ሁለት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ። በትከሻቸው ላይ ቀና ስል ናትናኤል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ እንጨቷ አንገቱ ላይ ናት፤ የሚያየው ከንፈሬን ነው።

"ዩ አር ዌልካም" አልኳቸው።

እትዬ አበራሽ እንግሊዝኛ አያውቁም። ምርቃት መሰላቸውና ጎንበስ ብለው "አሜን" አሉኝ።